ያልጮኸው ቡችላ

አምና፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ የደረሰብን ነገር ነው። ጊዜው ሄዷል፤ እኔ ግን አልረሳሁትም። ሌላው ሰው ውሻ ሲጮኽበት ይደነግጣል። እኔ ዝም ሲል ነው የምደነግጠው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ነው። ትውልዴ ግን መራዊ አጠገብ፣ ቆጋ መስኖ ዳር ነው። አባቴና ታናሽ ወንድሜ አዲሱ ዛሬም እዚያ ስንዴና ድንች ያመርታሉ። እኔ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቴ ታምራት የሐዋሳ ልጅ ነው፤ ኮሌጅ ያስተምራል። አንዲት ልጅ አለችን፤ ሶልያና ትባላለች፤ ሶሊ እንላታለን። ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር።

ሶሊ እግሯ መሬት አይዝም። ጉልበቷ ሳይላጥ የዋለበትን ቀን አላስታውስም። እጇ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ያቅፋል። የባጃጅ ሾፌር ታቅፋለች። የመሥሪያ ቤታችንን ዘበኛ ታቅፋለች። ለፋሲካ የገዛነውን በግ አቅፋ ሰንብታ፣ ሲታረድ ጊዜ አባቷን ሳምንት ሙሉ አላናገረችውም። ስጋውን ግን በልታለች።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጣና ዳር ወሰድናት። ዓሣ አጥማጆች ዓሣ እየበለቱ ሆድ ዕቃውን የሚጥሉበት ቦታ አለ። እኔና ታምራት ወሬ ይዘን ዞር ብንል ሶሊ የለችም። ቀና ስል አንድ ጥጃ የሚያህል ውሻ አንገት ላይ ተጠምጥማለች። የሰው ውሻ! ያውም እየበላ! ውሻው ማጉረምረም ጀመረ። አጥማጁ ቢላዋውን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመና፣ «እንዳትጠሯት! እንዳትሮጡ!» አለን በሹክሹክታ። ውሻው ፊቷን አሸተተ፤ ተዋትና ወደ ዓሣው ተመለሰ። እኔ ቀስ ብዬ ሄጄ አነሣኋት።

ከዚያ በኋላ የሆንሁትን አትጠይቁኝ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጯሂ ነኝ። በልጄ ላይ ጮኽሁ፤ በባሌ ላይ ጮኽሁ፤ ያ ምስኪን አጥማጅ ላይም ጮኽሁ።

ማታ ታምራት፣ «የሰው ውሻ እንዳታቅፍ ከፈለግን የራሷን እንስጣት» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኩ ላይ ስለ ውሻ ያላነበበው የለም። ታጋሽ መሆን አለበት፤ ሩጫ የሚወድ መሆን አለበት፤ ጅራቱን ሲጎትቱት የማይቆጣ፣ ሲያቅፉት የማይጨነቅ መሆን አለበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ውሻ ነው የምትፈልገው ወይስ ሞግዚት?» አልሁት።

«እኔ ያነበብኩትን ነው የነገርኩሽ፤ ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ» አለና ሳቀ።

እኔማ አውቃለሁ! የአባቴ ልጅ አይደለሁ? በእኛ ቀበሌ ውሻ የሚመርጥ ሰው ሁሉ አባቴን ይጠራ ነበር። ስደውልላቸው ቡችሎች እንዳሉ፣ ጡት እንደተዉ ነገሩኝ። ቅዳሜ ሦስታችንም በሚኒባስ ወደ ቆጋ ሄድን።

የውሻ አመራረጥ በእኛ ቤት ሕግ አለው። ቡችላው በማጅራቱ ቆዳ ተይዞ ይንጠለጠላል። ከጮኸ ፈሪ ነው፤ ይቀራል። ዝም ካለ ጀግና ነው፤ ይወሰዳል። ቀጥሎ አፉ ተከፍቶ ላንቃው ይታያል፤ ጥቁር ከሆነ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። እኛንም ያሳደጉን በዚሁ ሕግ ነው ማለት ይቻላል። እሾህ ቢወጋን፣ ከዛፍ ብንወድቅ፣ አባቴ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ «ዋጥ አድርጊው!» ወንድሜ ይውጠዋል። እኔ ግን አንድም ቀን ውጬ አላውቅም።

ቡችሎቹ ከጎተራው ሥር ነበሩ። አንዱ ቀይ ቡችላ ገና ሶሊን ሲያያት ተንደርድሮ መጥቶ የጫማዋን ክር ይነክሳት ጀመር። ሮጠች፤ ተከተላት። ወደቀች፤ ደረቷ ላይ ወጣ። ግቢውን በሳቅ ሞላችው።

«እማዬ ይሄ ነው! ይሄ ነው የኔ!» አለች።

አባቴ ቀዩን በማጅራቱ ብድግ አደረጉት። በስመ አብ! የታረደ ይመስል ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸ። ሲያስቀምጡት ሮጦ ሶሊ እግር ሥር ተወሸቀ። አባቴ ወደኔ ዞረው፣ «ይሄ አንቺን ነው የወጣው!» ብለው ሳቁብኝ።

ከጥግ አንድ ጥቁር ቡችላ ተኝቶ ነበር። ሲያነሡት አልተወራጨም። እግሮቹን ዘርግቶ፣ ዓይኖቹን ከፈት አድርጎ ዝም ብሎ ተንጠለጠለ። አባቴ ወዘወዙት፤ ዝም። ፊታቸው በራ። አፉን በአውራ ጣታቸው ከፍተው፣ «ላንቃው ከሰል ነው! እንዲህ ያለውን ካየሁ ስንት ዘመኔ!» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ፈጠን ብለው አወጡና በጋቢያቸው ጠረጉ። አይቻለሁ፤ ግን ልብ አላልሁም።

ሶሊ ከንፈሯን ጥላ፣ «ቀዩስ?» አለች።

አባቴ ቁጢጥ ብለው አገጯን ያዙና፣ «የሚጮኸውን አንወስድም፣ እሽ የኔ እመቤት? ጀግና አይጮኽም» አሏት።

ታምራት፣ «አባባ፣ እሷ የምትፈልገው ግን...» ብሎ ጀመረ። በዓይኔ ገላመጥሁት፤ ተወው።

ስንወጣ አዲሱን፣ «እናትየዋ የታለች? አላየኋትም» አልሁት።

«እታለም፣ ከጠፋች ቆየች። ጅብ ሳይበላት አልቀረም» አለኝ። እኔም ምስኪን ብዬ ተሰናበትሁት።

በመልሱ ሶሊ ጥቁሩን ቡችላ በነጠላዬ ጠቅልላ ታቅፋዋለች። መንገድ ላይ እንደ ልማዷ ጥብቅ አድርጋ ስታቅፈው ድንገት ደንገጥ አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ምን ሆንሽ?» አልኋት። «ምንም» አለች። ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ ዞረች። ቀዩ ትዝ ብሏት ነው ብዬ ፀጉሯን ዳበስሁላት።

እሑድ ቡችላው ወተት አልቀመሰም። አግዳሚ ወንበር ሥር ገብቶ ተኛ። ናፍቆት ነው አልን። ታምራት ስልኩን አየና አዲስ ቤት ለመልመድ ቀናት እንደሚፈጅ ነገረን። ሶሊ ወንበሩ ሥር እየተሳበች ትገባለች፤ ትስመዋለች፤ ትወጣለች። እሱ ግን ድምፅ የሚባል አላወጣም። «ጀግና ነው» ትላለች ለሚመጣው ሰው ሁሉ።

ሰኞ ለምሳ ወደ ቤት መጣሁ። አብረውን ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ አሉ፤ ዜማ ያስተምራሉ። በራቸው ላይ ቆመው የእኛን ቡችላ እያዩ ነበር። ቡችላው ውኃ የተሞላው ሳሕን ላይ አፍጥጧል። አፉ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ለሃጩ እስከ መሬት ይዘረጋል። ሊጠጣ ይጎነበሳል፤ አይሆንለትም።

«ልጄ ሙሉነሽ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ይህ ቡችላ ከመጣ ወዲህ ጮኾ ያውቃል?»

«ኧረ እሱ ጀግና ነው መሪጌታ፤ አይጮኽም።»

«አይጮኽም ወይስ አይችልም?» አሉ። «እኔ ጣና ማዶ ደልጊ ሳለሁ እንዲህ ያለ አይቻለሁ። ልጅቱን አርቂያት። አሁኑኑ።»

ሶሊ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ወደ ቡችላው እየሮጠች ነበር። አየር ላይ ነው የቀለብኋት። ጮኽሁ፤ ግቢው ሁሉ ወጣ። መሪጌታ ቡችላው ላይ ትልቅ ቅርጫት ደፍተው ድንጋይ ጫኑበት።

ለአዲሱ ደወልሁ። «እውነቱን ንገረኝ፤ እናትየዋ ምን ሆነች?»

«እታለም፣ አንድ የማናውቀው ውሻ መስኖው ዳር ተናክሷት ነበር። ቁስሉ ድኖላት ነበር እኮ። በኋላ ግን ጠባይዋ ተለወጠ፤ የገዛ ልጆቿን ስትናከስ አዲስ እናት ናት ብለን... ከዚያ ጠፋች። ምነው?» አለ።

ሳልመልስለት ስልኩን ዘጋሁት። የእብድ ውሻ በሽታ ምን እንደሆነ ገጠር ያደገ ሰው ያውቃል። ሰው ላይ አንዴ ምልክቱ ከታየ መመለሻ የለውም። ከዚያ በፊት በመርፌ መቅደም ነው ያለው መላ።

ሶሊን ቧንቧው ሥር አቁሜ ልብሷን አወለቅሁ። የተላጠ ጉልበቷን በሳሙና አጠብሁ። ፊቷን፣ አንገቷን አጠብሁ። የቀኝ እጅጌዋን ስስብ ግን እጇን አልሰጥም አለች። በግድ ገለጥሁት። ከእጅ አንጓዋ ከፍ ብሎ ትንንሽ የጥርስ ምልክቶች ነበሩ፤ ዙሪያቸው ቀልቷል።

«ይሄ መቼ ነው?»

«መኪና ውስጥ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ለምን አልጮኽሽም?»

ቀና ብላ አየችኝ። ምስጋና የምትጠብቅ ትመስል ነበር። «አልጮኽሁም እኮ እማዬ። አባባ የሚጮኸውን አንወስድም ብሏል። ቀዩ ጮኸ፤ ጥላችሁት መጣችሁ። እኔ ከጮኽሁ እኔንም ትተዉኛላችሁ።»

እናት የሆነ ሰው ይፍረደኝ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ግድ አልነበረኝም። እያለቀስሁ አጠብኋት። መሪጌታ ከኋላዬ ቆመው፣ «አሁንም እጠቢው፤ ሳሙናውን አታቋርጪ» ይሉኛል። መቼስ ጠበል ውሰጃት ይሉኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ባጃጅ አስቁመው መጡና፣ «ጠበሉ ቦታው ላይ አለ፤ እኔ እጸልያለሁ። አንቺ ሐኪም ቤት ሂጅ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ጤና ጣቢያ መርፌው አልቋል አሉን። የባጃጁ ልጅ ፊቴን አይቶ ምንም አልጠየቀኝም፤ ነዳው ብቻ። ሁለተኛውም የለም አሉ። ሶሊ ጭኔ ላይ ተቀምጣ፣ «እማዬ፣ ጀግናው አሞት ነው? እኛ ደግሞ ለምን እንሮጣለን?» ትለኛለች። ምን ልበላት? ሽቅብ ወደ ሆስፒታል ሄድን። ደውዬለት ነበርና ታምራት ከክፍል ወጥቶ በር ላይ ጠበቀን፤ ጠመኔው ከእጁ አልወረደም።

መድኃኒቱ አለ፤ ግን ጥቂት ነው፤ ተቀመጡ አሉን። ያቺ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጥነው ረጅም አይሆንም፤ እኔ ግን አረጀሁባት። ከነከሳት ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዘግይተን ይሆን? ታምራት ስልኩን አውጥቶ ሊያነብ ጀመረ፤ መልሶ ኪሱ ከተተው። በዚህ መሃል አባቴና አዲሱ ደረሱ። ከባጃጁ ላይ ደግሜ የደወልሁለት አዲሱ ነግሯቸው ከማሳ ነው የመጡት፤ ጭቃው እግራቸው ላይ ነበር። አባቴ ሰላም እንኳ ሳይሉ ከሶሊ ፊት ተንበረከኩ። እጃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ያዩዋታል።

ተራችን ደረሰ። ነርሷ ቁስሉን አየችና ጊዜው ገና እንደሆነ፣ ዛሬውኑ እንደምትጀምርላት ነገረችን። ከዚያ ወደ ሁላችን ዞራ፣ «ሌላ የነከሰው ወይም ምራቁ ቁስል ላይ የነካው ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

ሁላችንም ተያየን። አባቴ መሬት መሬት ያያሉ።

«አባባም ተነክሷል!» አለች ሶሊ በኩራት። «አፉ ውስጥ ጣቱን ሲከት ነከሰው። እሱም አልጮኸም።»

ያን ቀን ጣታቸውን በጋቢያቸው የጠረጉት ትዝ አለኝ። «አባዬ፣ እጅዎን ያሳዩኝ» አልሁ።

«ተይኝ፣ ጭረት ናት። መድኃኒቱ ጥቂት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ለልጅቱ ይሁን። እኔ እዚያው የሀገር መድኃኒት እጠጣለሁ።»

«አባዬ!» ብዬ ጮኽሁ። በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ጮኽሁ። «ልጄን በዝምታ ሊገድሏት ነበር! አሁን ደግሞ እርስዎ በዝምታ ሊሞቱብኝ ነው?»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥሁ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ቀስ ብለው እጃቸውን ከጋቢው አወጡ። አውራ ጣታቸው በጨርቅ ታስሯል። ነርሷ ፈታችውና፣ «ለዛሬ ለሁለታችሁም ይበቃል፤ ነገ ሌላ ይመጣል» አለች።

የከፋው የሶሊ ነበር። ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ መድኃኒት አለ፤ ያማል። ሶሊ መርፌውን ስታይ ፊቷ ነጣ። ጥርሷን ነከሰች። ትንሿ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ድምፅ ግን የለም። «ጩሂ የኔ ልጅ፣ ጩሂ» አልኋት። ራሷን ነቀነቀች። አባባን ነው የምታየው።

አባቴ ነርሷን፣ «እኔን አስቀድሚኝ» አሏት። ጋቢያቸውን ጥለው ክንዳቸውን ሰጡ። መርፌው ገና ቆዳቸውን ከመንካቱ፣

«ዋይ! ዋይ ዋይ ዋይ! ኧረ የሰው ያለህ!» ብለው ጮኹ።

እኔ የማውቃቸው አባቴ ማጭድ ጣታቸውን ቆርጧቸው እህ ያላሉ ሰው ናቸው። በር ላይ ያለው ሰው ሁሉ ገባ። ዘበኛው ሳይቀር መጣ። አዲሱ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሶሊ በመጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ ፈገግ አለች።

«አባባ! ጮህህ?»

«ጮህሁ እንጂ! ያማል እኮ!» አሉ እንባቸው እየወረደ። «ያመመው ሁሉ ይጮኻል። ነይ አንቺም ጩሂ። እዚህ የሚተውሽ ማንም የለም።»

ነርሷ ቶሎ ብላ ወጋቻት። ልጄ ጮኸች። ሦስት ቀን የዋጠችውን ሁሉ ነው የጮኸችው። ያን ጩኸት እየሰማሁ ግድግዳውን ተደግፌ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።

ቡችላው በማግስቱ ሞተ። የእንስሳት ሐኪሙ ምልክቱ ሁሉ ያው እንደሆነ ነገረን። እኔም፣ ታምራትም፣ አዲሱም መርፌውን ወሰድን። የሶሊና የአባቴ እስኪያልቅ አንድም ቀጠሮ አላለፍንም። ከዚያ በኋላም ቢሆን እኔ አላረፍሁም። ሶሊ ውኃ በጠጣች ቁጥር ጉሮሮዋን አያለሁ። ትንሽ ከተኮሳት ሌላ አይመስለኝም። ታምራት፣ «አለቀ እኮ ሙሉ፤ ዳነች» ይለኛል። ቃሉን እየሰማሁ ዓይኔን ከብርጭቆው አልነቅልም ነበር። ወራት ፈጀብኝ።

የቀሩትን ቡችሎች ሐኪሙ ከሰውም ከከብትም ለይታችሁ አቆዩ ብሎ ነበር። አዲሱ አጥር ሠርቶ በሩቁ ይቀልባቸው ነበር። አንዷ ቡችላ ሞተች። ቀዩ ግን በየቀኑ እየጮኸ ከረመ። ሐኪሙ መጥቶ መርምሮት፣ ከትቦት፣ «አሁን ውሰዱት» ሲል አባቴ ራሳቸው በሚኒባስ ይዘውት መጡ። መንገድ ሁሉ እንደጮኸ፣ ተሳፋሪው ሊያወርዳቸው እንደነበር ነገሩን። ስሙንም ያወጡለት እሳቸው ናቸው፤ አዋጅ።

አዋጅ ዛሬ አድጓል። ሶሊ ጣና ዳር ስትሮጥ ይሮጣል። ወፍ ላይ ይጮኻል፤ ታንኳ ላይ ይጮኻል፤ ማዕበሉ ላይ ይጮኻል። አጥብቃ ካቀፈችው እሪ ይላል፤ ያኔ ትለቀዋለች። የሚገርመው እሷም ተምራለች፤ ጥፍሩ ሲነካት «አመመኝ!» ትለዋለች፤ እሱም ሸሸት ይላል። ታምራት በስልኩ ያነበበው ውሻ ይሄ ሳይሆን አይቀርም። መሪጌታ ጠዋት ለኪዳን ሲወጡ፣ «ይኸው ከእኔ ቀድሞ ቆሟል» እያሉ ይስቃሉ። ሌላው ጎረቤት ግን ጩኸቱ አስመርሮታል፤ አንድ ቀን ተው በሉት ሊለን መጣ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ዝም አሰኘዋለሁ ብዬ ግን ቃል አልገባሁለትም። ውሻው ትንሽ ድምፁ ከጠፋ እኔ ራሴ ሥራዬን ጥዬ ወጥቼ አየዋለሁ።

አባቴ እሑድ እሑድ ይደውላሉ። ስለ ስንዴው ሳያነሡ፣ ስለ ጤናዬም ሳይጠይቁ በፊት አንድ ጥያቄ አላቸው።

«አዋጅ ይጮኻል?»

«ይጮኻል አባዬ።»

«ሶሊስ?»

«እሷም ትጮኻለች።»

«ተመስገን» ይላሉ።